ዋስ የሆንኩበት ደም

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ
ጥቅምት 9 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዱንያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ደህና ነኝ፣ ሱቁም ደህና ነው። የደም ግፊቴ ኪኒን ስውጥ ይወርዳል፣ ደንበኛ ሲከራከረኝ ይወጣል። ስላንቺ ደግሞ ባህረዲን ሾፌሩ «ጉንጯ ሞልቷል» ብሎኛል። አዋሳ በደረሰ ቁጥር ዓሣ ስለምትጋብዢው የሚያወራው ስለ ራሱ ጉንጭ ሊሆን ይችላል።

የምጽፍልሽ አቤቱታ ለማቅረብ ነው። ጉዳዩ የወንበር ነው።

ወንበሬን ታውቂያታለሽ፤ ከአሮጌ ፊያት ነቅዬ የብረት እግር ያስበየድኩላት። ስፖንጁ አልቆ ሽቦው ይወጋል፤ ግን የት የት እንደሚወጋ ስለማውቅ ተስማምተን እንኖር ነበር። አሁን የለችም። ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ነው የምሸጠው። ደንበኛ የመኪና ፍሪሲዮን ሊጠይቅ ይመጣና ቆሜ ሲያገኘኝ ሱቁን ዘግቼ ልጠፋ ያሰብኩ ይመስለዋል፤ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ ያልፋል። ትናንት ጎሚስታው ጎረቤቴ መጥቶ «ሙናዊር፣ ፖሊስ ሊወስድህ ነው እንዴ?» አለኝ።

ሌባ ወስዷት ቢሆን ቀላል ነበር፤ ጥቂት ሱቆች ወረድ ብዬ ራሴ መልሼ እገዛት ነበር። የወሰዷት የግቢያችን እናቶች ናቸው። በጠራራ ፀሐይ መጡ፤ ሀፍሷ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ። እኔ ተቀምጬባታለሁ።

«ጋሼ ሙናዊር፣ እስኪ ይነሱ» አለችኝ ሀፍሷ።

እንግዳ ሊያስቀምጡ መስሎኝ ተነሳሁ። ብድግ አደረጓትና መንገድ ጀመሩ።

«ወዴት ናት?»

«መያዣ ናት።»

«የምን መያዣ?»

«የልጆቻችን ደም።»

አሁን አቤቱታዬ የወንበር እንዳልሆነ ገብቶሻል።

ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። ግንቦት ላይ አንቺና ጓደኞችሽ ለጥናታችሁ ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ወደ ግቢው ስትገቡ በር ሁሉ ተዘግቶባችሁ ነበር። ያ መጠይቃችሁ «በሚኖሩበት አካባቢ ምን ያህል ደስተኛ ነዎት፦ በጣም፣ በመጠኑ ወይስ ምንም?» ይል ነበር። እትዬ አመተ ሥላሴ «አሁን ብትሄዱልኝ በጣም» ብላ ነው የመለሰችላችሁ። የልጅ ደም መቅዳት ቀርቶ ስም መጠየቅ አልቻላችሁም። ያኔ ነው ሱቄ መጥተሽ «ጋሼ፣ ያግዙኝ» ያልሽው።

ሄጄ በመርካቶ ቋንቋ ነገርኳቸው። እዚህ ሰፈር አንድ መኪና ሙሉ ዕቃ ያለ ወረቀት ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚሄደው ዋስ ስላለ ነው። ወሳጁ ቢጠፋ የሚያዘው ዋሱ ነው፤ ዋሱ ቢያለቅስ የሚሰማው የለም። «የእህቴ ልጅ ናት» አልኳቸው። «እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው ያደገችው። ዛሬ ደሙን ትወስዳለች፣ ምን እንደተገኘበት መጥታ ትነግራችኋለች። ዋሷ እኔ ነኝ።» በሮቹ ተከፈቱ። ሀፍሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። ልጇን ሰዓደትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ክንዷን ያዘችልሽ። አንቺም «በሁለት ወር ውስጥ ውጤቱን ይዤ እመጣለሁ» አልሽ። ሰምቼሻለሁ፤ አጠገብሽ ነበርኩ።

ሰዓደት ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ አፏ ደግሞ የአርባ ዓመት ነጋዴ አፍ። ጠዋት ጠዋት ሱቄ እየመጣች በጣቷ እያሳየች «ኩሽኔታ፣ ራዲያተር፣ ካምቢዮ» ትለኝና መጨረሻ ላይ ወደ ሆዴ ጠቁማ «ይሄ አይሸጥም» ትለኝ ነበር። አሁን ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ ዝም ትላለች። ኩሽኔታውን አንስቼ «ይሄ ምንድን ነው?» ስላት ታየኛለች፤ ቃሉ የት እንደገባ የምትፈልግ ይመስላል። ሆዷን ያማታል። ፊቷ ገርጥቷል። ጤና ጣቢያው ኮሶ ነው እያለ ኪኒን ይሰጣታል፤ ጎረቤቱ ዓይን ነው ይላል፤ የሀፍሷ አማት ደግሞ እናትየው ናት የማታበላት ትላለች።

ስለዚህ የሰዓደት ደም ላይ ምን ተገኘ? አንድ መስመር ይበቃኛል። ቢሮሽ ደውዬ ነበር፤ ፀሐፊዋ ሁልጊዜ «ስብሰባ ላይ ናት» ትለኛለች። በልጅነትሽ አንድ ቦታ መቀመጥ የማትችዪ ልጅ፣ እንዴት ብለሽ ነው ስብሰባ የለመድሽው?

አጎትሽ ሙናዊር
(ቆሞ የጻፈው)


አዋሳ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሼ ሙናዊር፤

ወዐለይኩሙሰላም። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሥራ ውሌን በተመለከተ በባህረዲን በኩል ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ታድሶልኛል፤ የራሴ ክፍልም ተሰጥቶኛል። መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም፤ እርስዎም ባይነግሯት ደስ ይለኛል፤ ትመጣለች ብዬ ፈርቼ ነው።

የወንበሯን ነገር ሳነብ ስቄ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩትና መሳቄ አሳፈረኝ።

ጋሼ፣ የደሙ ምርመራ ተሠርቶ ከውጭ አገር ተመልሷል። ነገር ግን ውጤቱ የጥናቱ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። እኔ ጋ ልጆቹ ስም የላቸውም፤ በቁጥር ነው የተመዘገቡት። ይህ የሆነው እነሱኑ ለመጠበቅ ነው፤ የማንም ልጅ በሽታ ገበያ ላይ እንዳይወራ። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ለማንም ላልናገር ፈርሜያለሁ። «በሁለት ወር» ብዬ የተናገርኩት ሥራውን ሳላውቀው ነበር። እናቶቹን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ሪፖርቱ ሲወጣ ሰፈሩ ድረስ መጥተን እናስረዳለን።

ይልቅ እንዲያው ለማወቅ ያህል ልጠይቅዎት። ሰዓደት አሁንም የምትተኛው ከኋላ ግድግዳው ሥር ነው? ከግድግዳው ማዶ ጋሽ ሃብታሙ ባትሪ እየሰበረ እርሳሱን የሚያቀልጥበት ቦታ እንዳለ ነው? ጭሱ ወደ ግቢው ይገባል? ሀፍሷ ልብስ የምታሰጣው የት ነው? ባሏ ሙስአብ እዚያው ነው የሚሠራው? ማታ ወደ ቤት የሚገባው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው?

እንዲሁም ልጅቷ ከመብላቷ በፊት እጇን በሳሙና ብትታጠብ፣ ወተትና ጎመን ብታገኝ ጥሩ ነው። ለምን ብለው አይጠይቁኝ።

አክባሪዎ ዱንያ


መርካቶ፣ ኅዳር 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለዱንያ፤

ጾም ላይ ነኝ። ጾመኛ ሰው አይቆጣም፣ አይሳደብም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ያልተቆጣ ሰው እንደጻፈው አድርገሽ አንብቢልኝ። እንደዚያ ማንበብ የሚያቅትሽ ቦታ ካለ እኔም እዚያ ላይ አለመቆጣት አቅቶኝ እንደነበር እወቂ።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት የሰው ልጅ ለማድረስ ብቻ ነው። ማንበብ የለመድኩት ኩሽኔታ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው የብዙ ወሬ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን የማላውቀው። ያልተጻፈ ነገር ማንበብ ግን እችላለሁ። መካኒክ ባለመኪናውን «ሲነሳ ይንኳኳል? ዳገት ላይ ይሞቃል? ጭሱ ነጭ ነው?» ብሎ ጠይቆ ሲያበቃ «እንዲያው ለማወቅ ነው» ካለው፣ ባለመኪናው ያንኑ ቀን ገዢ ይፈልጋል። እኔም የደብዳቤሽን ጥያቄዎች አንብቤ ስጨርስ መልሱን ሰጥተሽኛል።

ጥያቄዎችሽን ልመልስልሽ። ሰዓደት የምትተኛው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ሌላ ግድግዳ ቢኖራቸው አንቺ ሳትጠይቂ ያዞሯት ነበር። ጭሱ ይገባል፤ ንፋሱ ወደ አብነት ሰፈር ሲዞር ብቻ ያርፋሉ። ልብሱም የሚሰጣው እዚያው ነው። ሙስአብ እዚያው ባትሪ ይሰብራል፤ ማታ ሲገባ ሰዓደት እየሮጠች እግሩ ላይ ትጠመጠማለች። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ይገባል ወይ ላልሽው፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ የትም አያወልቅም ነበር።

አሁን ያወልቃል። ግቢው በር ላይ ጠበቅኩትና «ሱሪህን ፍታ» አልኩት።

«ጋሼ ሙናዊር፣ ረኃቡ ነው?»

«ፍታ ብዬሃለሁ። ቧንቧው ጋ ታጥበህ፣ ሌላ ለብሰህ ትገባለህ። ካሁን በኋላ እንዲህ ነው።»

እትዬ አመተ ሥላሴ በመስኮት ብቅ ብላ «ይፍታ፣ ይፍታ፣ እኛም የሰፈራችንን ወንድ እንወቀው» አለች። ግቢው ሳቀ፤ ሙስአብ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ «ከእኔ ነው የመጣባት?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ዋሸሁት፤ ጾም ላይ ሆኜ ዋሸሁት፤ ያንቺን ዝምታ ልሸፍን ብዬ።

ከዚያ ሃብታሙ ጋ ሄድኩ።

«ያ የምታቀልጠው እርሳስ ልጆቹን እየመረዘ ነው» አልኩት።

«ማን አለ?»

«ጥናቱ።»

«ወረቀቱን አሳየኛ።»

«ወረቀቱ ገና ነው።»

«እንግዲያው ሲደርስ ና። ስማ ሙናዊር፣ እኔ ለእነሙስአብ እንጀራቸው ነኝ። ዛሬ በወሬ ብዘጋ ነገ የሀፍሷ ድስት ባዶ ነው። ያኔ የምትረግመው እኔን ሳይሆን አንተን ነው። ወረቀት አምጣና ዛሬውኑ ምድጃውን ከከተማ አስወጣለሁ። ቃሌ ነው።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ቃሉንም ይጠብቃል። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቀበሌም ሄድኩ። የጤናው ሰውዬ አዳመጠኝ፣ አዘነልኝ፣ «ማኅተም ያለው ነገር ይዘው ይምጡ» አለኝ። እኔ ያለኝ ያንቺ ደብዳቤ ነው። እሱ ላይ ያለው ማኅተም የዓሣ ቅባት ነው፤ ባህረዲን ነው ያተመው።

አሁን ስሚኝ። ውጤቱን ስንጠይቅሽ ስም የለኝም ትያለሽ። ስሙን ስንሰጥሽ ፈርሜያለሁ ትያለሽ። ሰዓደትን በስሟ ተቀብለሽ በቁጥር ቀየርሻት፤ አሁን ቁጥሩንም አልሰጥም አልሽ። እዚህ ሰፈር ሰው ዕቃ አምኖህ ሰጥቶህ መልሶ ሲጠይቅህ «ዕቃውማ አለ፣ ግን ያንተ መሆኑን አላውቅም» ብትለው ምን እንደሚደርስብህ ታውቂያለሽ። እዚህ ነው ያደግሽው።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። በሰዓደት ደም ውስጥ የተገኘው የእርሳስ መጠን ስንት ነው? ቁጥሩን ከነስሟ በአንድ ወረቀት ላኪልኝ። የሌሎቹ እናቶች ተራ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ግን እሷ።

ሙናዊር


አዋሳ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሙናዊር፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ጾሙን አላህ ይቀበልዎት። ባህረዲን ያመጣልኝን ቴምርና የቃል መልእክትዎን ተቀብያለሁ። «ልጅ ቢኖርሽ ኖሮ» ያሉት አሞኛል። እንዲያም ቢሆን አልቀየምኩም።

አልችልም፤ በግልጽ ልጻፈው። የአንዷን ስም አውጥቼ ብሰጥ ስምምነቱን አፍርሻለሁ ማለት ነው። ስምምነቱ ከፈረሰ ጥናቱ በሙሉ ይጣላል፤ የሁሉም ልጆች ደም በከንቱ የተቀዳ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ሪፖርቱ ለሚመለከታቸው ይቀርባል። ያኔ የአንድ ግቢ ብቻ ሳይሆን የመላው አካባቢ መፍትሔ ይፈለጋል፤ ምድጃዎቹ እንዲነሱ፣ የታመሙት እንዲታከሙ። ብዙኃኑን ለመጥቀም ስንል ትንሽ መታገሥ አለብን። ኃላፊዬን ጠይቄያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይህንኑ ነው ያሉኝ። ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከወረቀታቸው ላይ አላነሱም።

የፊተኛውን ደብዳቤዬን ቀድደው ቢጥሉልኝ ደስ ይለኛል። ያንን መጻፍ አልነበረብኝም። ወደ ቢሮም ባይደውሉ፤ ፀሐፊዋ መጠየቅ ጀምራለች።

ሰዓደት በምሽት ትነቃለች? እግሯን ስትረግጥ ትንገዳገዳለች? ከሆነ ሳትቆዩ ሆስፒታል ውሰዷት።

ዱንያ


መርካቶ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለዱንያ፤

ዒድ አልፏል። ጾሙ አልቋል። አሁን መቆጣት እችላለሁ።

በዒድ ዋዜማ ሰዓደት ላይ የደረሰውን ባህረዲን ነግሮሻል፤ እኔ አልደግመውም፤ እጄ አይጽፈውም። መንቀጥቀጡ ቆሟል። ሆስፒታል ሰንብታ ወደ ቤት ተመልሳለች። ግራ እግሯን ትጎትታለች። ዒድን ሀፍሷ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው ያከበረችው፤ እኔ አዲሱን ጀለቢያዬን ለብሼ አጠገቧ ተቀምጬ። ሰው ሁሉ እንግዳ መስሎት «ዒድ ሙባረክ» ይለኛል፤ እኔም «ሙባረክ» እላለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጥሩ ልጅ። «ቤት ውስጥ መርዝ ያለው ነገር ነክታለች?» ብሎ ጠየቀ።

«የባትሪ እርሳስ ነው» አልኩት።

«እንዴት አወቁ?»

«የእህቴ ልጅ ደሟን አስመርምራለች።»

«ታዲያ ውጤቱ የታለ?»

«አዋሳ።»

የማፌዝበት መሰለው። ከዚያ ፊቴን አየና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባቴ» አለኝ፣ «እዚህ እርሳስ የምንለካበት መሣሪያ የለንም። ቁጥሩን ካመጣችሁልኝ መድኃኒቱ ከውጭ እንዲመጣላት እጽፋለሁ። ያለ ቁጥር ብጽፍ ማንም አይሰማኝም። ዕድሜዋ ትንሽ ነው፤ ስንቆይ የማይመለስ ነገር አለ።»

ሀፍሷ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ዞራ አላየችም። ብታየኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ «ብዙኃኑ» ያልሻቸውን ሰዎች ፈለግኋቸው። ሶማሌ ተራን ዞርኩ፣ ጭድ ተራ ሄድኩ፣ አብነት ድረስ ወረድኩ። አንድም «ብዙኃኑ» የሚባል ሰው አላገኘሁም። ያገኘኋቸው ሁሉ ስም አላቸው። አንዱ ሙስአብ ነው፣ አንዷ ሀፍሷ ናት፣ አንዷ አመተ ሥላሴ ናት። ሐምሌ ላይ የምትነግሯቸው ብዙኃን የት ነው የሚኖሩት? በአዳራሹ ውስጥ? አዳራሹንማ አውቀዋለሁ፤ ያው በጋዜጣ አያለሁ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሮ፣ አንዱ ተነስቶ «ከተመረመሩት ሕፃናት መካከል» ብሎ ይጀምራል። አንቺም በደንብ ታጨበጭቢያለሽ። ያኔ ሰዓደት አምስት ዓመቷ ነው፤ «ራዲያተር» የሚለው ቃል ይመለስላት አይመለስላት እንጃ።

ሕጉ ምስጢሯን ለመጠበቅ ነው አልሽኝ። ከማን ነው የምትጠብቂው? ከእናቷ? ከወለደቻት፣ ክንዷን ይዛ ደሟን ከሰጠችሽ ሴት ደብቀሽ ለማን ልትሰጪው ነው? ሕጉን የጻፈው ሰው የዋህ ሊሆን ይችላል፤ ገበያ መሐል የልጅ ገመና እንዳይዘራ አስቦ ይሆናል። አንቺ ግን የዋህ አይደለሽም። ሀፍሷን ታውቂያታለሽ። ያንን ግድግዳ ታውቂዋለሽ። በዚያች ደብዳቤ ላይ የደረደርሻቸው ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው እንደምታውቂ ይናገራሉ። እንድንፈራ የሚበቃንን ያህል ነገርሽን፤ እንድንታከም የሚበቃንን ያህል ግን ከለከልሽን። ከሁለቱ አንዱን ብታደርጊ ይሻል ነበር።

ደብዳቤሽን ቅደደው አልሽኝ። አልቀደድኩትም፤ እንዲያውም ግቢ ውስጥ አነበብኩት። ትናንት ከአሱር ሶላት በኋላ እናቶቹን ሰብስቤ «ውጤቱ መጥቷል። ከመጣ ቆይቷል። የያዘችው የእኔዋ ናት፤ አልሰጥም ብላለች። ዋሷ እኔ ነኝ፤ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ» አልኳቸው። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ሀፍሷ ልጅቷን አቅፋ ብድግ አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

በዚህ ሰፈር ዋስ የሆነ ሰው ከዋስነት ራሱን አያወርድም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ አይደለሽም ልልሽ አልችልም፤ አንቺን መካድ ለእኔ አልተፈቀደልኝም። ከእንግዲህ ግን አልጽፍልሽም። ብዙ ጽፌያለሁ፤ ጽፌ ያመጣሁት ነገር የለም። ቁጥሩን ስትልኪ ለሐኪሙ አድርጊው። ለእኔ ደብዳቤ አያስፈልገኝም።

ሙናዊር


አዋሳ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ሙናዊር፤

አልጽፍም ቢሉም እኔ እጽፋለሁ። እንደምን ሰነበቱ ማለት ከብዶኛል። ዛሬ የገና በዓል ስለሆነ ቢሮው ዝግ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና ዘበኛው ብቻ ነን። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ እተዋለሁ።

የጻፉልኝን ሁሉ አምኜ ተቀብያለሁ። እውነት አይደለም የምለው አንድም መስመር የለውም። እንድንፈራ የሚበቃንን ነገርሽን ያሉት በተለይ እውነት ነው። ይሁንና እባክዎ ከእኔ ቦታ ሆነው አንድ ጊዜ ይመልከቱት። ዓርብ ዕለት ኃላፊዬ ክፍል ገብቼ ቆሜ ለመንኳቸው። ሐኪሙ ምን እንዳለ ነገርኳቸው። «አዝናለሁ» አሉኝ። «አንዷን ካወጣሽ ነገ አንቺም ወረቀቱም የላችሁም። ስድስት ወር ነው፤ ትታገሥ» አሉ። ምናልባት ልክ ናቸው። እኔ ከሥራ ብወጣ፣ ጥናቱ ቢጣል፣ ጋሽ ሃብታሙም ምድጃውን ባያነሳ፣ ያኔ ሁላችንም እንከስራለን። ለዚህ ነው እስከ ሐምሌ ድረስ ትዕግሥት እንዲያደርጉ፣ ለሀፍሷም በእኔ ስም እንዲያስረዱልኝ በትሕትና የምጠይ

ዘበኛው በሩን አንኳክቶ ነበር። «ሰው መጥቶብሻል፤ ከአዲስ አበባ ነው ትላለች» አለኝ።

ወረቀት ልወስድ ነው ተመልሼ የገባሁት፤ ቆሜ ነው የምጽፍልዎት። ሀፍሷ ናት። ከንጋት ጀምራ በባህረዲን አውቶቡስ መጥታ ከመናኸሪያ በእግሯ እየጠየቀች ደርሳለች። ሰዓደት ጀርባዋ ላይ ናት፤ ጉንጯን በእናቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ ታየኛለች። ግንቦት ላይ ካየኋት ይልቅ ከስታለች።

«ጋሼ ናቸው የላኩሽ?» አልኳት።

«እሳቸው አያውቁም» አለችኝ። «እሳቸው መጻፍ ይችላሉ፣ ይጽፋሉ። እኔ መጻፍ አልችልም፤ መጣሁ።»

«ግቢ፣ ደክሞሻል፤ አውርጃት።»

«ንገሪኝና እገባለሁ።»

ደግሜ ለመንኳት። ደፉ ላይ ቆማ እምቢ አለች። አልተቆጣችም፤ ልጅቷን በነጠላዋ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ጠበቀችኝ። ስምና ቁጥሩ አብረው የተጻፉበት መዝገብ ያለበት ክፍል ቁልፍ እኔ ጋ ነው።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ላቁም። ለሐኪሙ በወሰድኩት ወረቀት ላይ መጀመሪያ የምጽፈው የሰዓደትን ስም ነው፤ ከዚያ ቁጥሩን።